የችሎት ጸሐፊው ጆሮ

መስከረም 29
ዛሬ ስድስት ምስክር ተሰማ። አምስቱን ሰማሁ ልበል... ስድስተኛዋ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የምታወራው ከጫማዋ ጋር ነው። ዐቃቤ ሕጉ "ዳቦ ጋጋሪው መጋዘኑን ሲያቃጥል አይተሽዋል?" አላት። ጥያቄውን ከከንፈሩ ለቀምኩት። መልሷን ግን... አንገቷን ደፍታ! የቃሏ ቁራጭ ብቻ ደረሰኝ። "አየሁት" ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልትል ትችላለች? የዐቃቤ ሕግ ምስክር አይደለች?
ዳኛው "ተመዘገበ?" አሉ።
"ተመዝግቧል፣ ክቡር ዳኛ።"
ሃያ ሁለት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 8
የጆሮ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። መጮህ ሰልችቶት ይመስለኛል። ነርቩ እየሞተ ነው። ግራው አልቆለታል፣ ቀኙም ጥቂት ነው የቀረው። ማዳመጫ መሣሪያም እምብዛም አይረዳም።
"ሥራዎ ምንድን ነው?"
ስነግረው ሳቀ። ወዲያው ደነገጠ... "በጤና ምክንያት ጡረታ ይጠይቁ። የሕክምና ቦርዱ አንድ ቀን አያቆይዎትም።"
ጡረታ? በአርባ ስምንት ዓመቴ?

ጥቅምት 9
የሰው ሀብት ኃላፊዋ ቅጹን ሰጠችኝ። አራት ገጽ። "ሥራውን ማከናወን ያልቻለው ከመቼ ጀምሮ ነው?" የሚል ክፍት ቦታ አለው። ምን ብዬ ልሙላው? መሳቢያ ውስጥ ወተፍኩት።

ጥቅምት 21
ለሚስቴ ነገርኳት። "ቤት ቁጭ ብለህ ምን ልትሠራ?" አለችኝ። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። እንደማልሰማ ታውቃለች... አልሰማሁም፣ አየሁ እንጂ። ሃያ ዓመት የማውቀው ከንፈር ነው።
"እንግዲህ አንድ የቤት ዕቃ ተጨመረልኝ።"
እህቷ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምንም እንዳልገባው ደንቆሮ።
ቅጹ ይቆይ።

ኅዳር 14
የድሮው ዳኛ ተዛውረዋል። አዲሷ ዳኛ የጋጋሪውን የዋስትና ጥያቄ አዩ። ጠበቃ የለውም፤ ያለው መዝገቡ ብቻ ነው። የኔ ጽሑፍ። "ምስክሯ በዓይኗ አይታዋለች። ዋስትናው ተከልክሏል።"
ጋጋሪው አፉን በረገደው። በጣም የጮኸ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ ጋ ምንም አልደረሰም።
እርግጠኛ ነኝ? ነኝ... መሰለኝ። የድምፅ ቅጂውን ላስከፍት? "ለምን?" ቢሉኝስ? ሥራዬስ?
አላስከፈትኩም።

ታኅሣሥ 3
የጋጋሪው እናት አረፉ አሉ። ለቀብር አልፈቀዱለትም።

ጥር 10
መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ቅጂው ይሰማ ብሎ አመለከተ። ችሎቱ ውስጥ ከፈቱት። ሁሉም ሰማ፣ ከኔ በቀር። እኔ ፊታቸውን አየሁ። መጀመሪያ ጠበቃው ወደኔ ዞረ፣ ቀጥሎ ዳኛዋ። ያልደነገጠው ዐቃቤ ሕጉ ብቻ ነው... ያውቅ ነበር ማለት ነው? ይህን ሁሉ ወር?
ዳኛዋ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ።
"'አላየሁትም' ነው ያለችው።"

ጥር 12
ቅጹን አውጥቼ ሞላሁ። ክፍቱ ቦታ ላይ "ከመስከረም በፊት ጀምሮ" ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዋ አንብባ ቀና አለች።
"አብደሃል? እያወቅህ ጻፍክ ማለት እኮ ነው! ከጥቅምት በለው፣ ሐኪሙ ካየህ ወዲህ።"
"ከመስከረም በፊት ነው።"
"በዲስፕሊን ትከሰሳለህ። ጡረታህም ገደል ይገባል።"
"ይግባ።"
ጀግና ሆኜ ነው? የት አባቴ! ሰውየው እናቱን ሳይቀብር...

ጥር 17
ከትናንት ጀምሮ ታግጃለሁ። የዲስፕሊን ክሱ እስኪያልቅ የሕክምና ቦርዱም አያየኝም።
ጋጋሪው ዛሬ ተፈታ። የማረሚያ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኩት። ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል።
"መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "አልሰማሁም ነበር። እባክህ ይቅር በለኝ።"
አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ መናገር ጀመረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እጁ ይወናጨፋል። ከንፈሩን ለማየት ዞርኩ፤ እሱም ዞረ። እንደገና ዞርኩ፤ ዞረ። ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ ጥሎኝ ሄደ።
የበሩን ዘበኛ ክንዱን ያዝኩት።
"ምንድን ነው ያለኝ?"
ዘበኛው መጀመሪያ የጋጋሪውን ጀርባ አየ፣ ከዚያ መሬቱን፣ በመጨረሻ ቀና ብሎ እኔን።
"ምንም አላለም፣ ጋሼ።"