ስለ ቆርቆሮ ሆድ ጊታሬና ስለ ድምፅ ማጉያዎ

ለቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ኪሩቤል
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ ባለ ቆርቆሮ ስለመባሌ

የተከበሩ አቶ ኪሩቤል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ጉሮሮዎ። ከጠዋት እስከ ማታ ለእኛ ለነዋሪዎችዎ ሲደክም የሚውል ጉሮሮ ስለሆነ ዘወትር በጸሎቴ አስበዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ቢያርፍ ብዬም አክዬ እጸልያለሁ።

ማክሰኞ ዕለት የላኩልኝ የጥሪ ወረቀት ደርሶኛል። ማንበብ የተማርኩት በትምህርት ቤት ሳይሆን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ እስከ ማኅተሙ ድረስ ማንበብ ልማዴ ነው፤ የእርስዎንም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በመኖሪያ ቤቴ ያለ ፈቃድ የቆርቆሮ ሥራ ከፍቼ ሰፈሩን በማወክ መከሰሴን ከነቀኑ ተረድቻለሁ።

ስለ ማዕረጉ አመሰግናለሁ። እስከዚህ ዕድሜዬ ባለሙያ ብሎ የጻፈልኝ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሆኖም የላኩት ሠራተኛ በመስኮቴ አጮልቆ ያየው ጊታር ነው። ሬዞኔተር ይባላል፤ ሆዱ ላይ የድስት ክዳን የመሰለ ቆርቆሮ ተገጥሞለታል፤ ክሩ ሲመታ ቆርቆሮው ይጮኻል። የእኔው ርካሽ ስለሆነ ሳይመታም ይጮኻል፤ አንዱን ብሎኑን በማስቲካ አስይዤዋለሁ። የሚጫወቱት የሟች ባለቤቴ የመምህር ሚልክያስ ጓደኛ አቶ ሻንቆ ናቸው። የእኔ ድርሻ ባለቤቴ ያወጣውን አንድ ዜማ በስልኬ መቅዳት ነው። ዜማው በወረቀት አልሰፈረም፤ ያለው በአቶ ሻንቆ ጣቶች ውስጥ ብቻ ነው። ግራ እጃቸው ደግሞ ከወር ወር እየደነዘዘ በመሄዱ፣ ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ ክር መጫን እንደማይችሉ ሐኪማቸው ነግሯቸዋል። የቸኮልነው ለዚህ ነበር። እርስዎ ግን ረድተውናልና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ውሻ ክትባቱ። ባዶ ግድግዳ ድምፅ እንደሚመልስ ስላነበብኩ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ከጣሪያ እስከ ወለል ሰቀልኩ፤ በሩን በሁለት ጋቢ ሸፈንኩ፤ ስልኩን የባለቤቴን ካልሲ አልብሼ ከቆርቆሮው ትይዩ ሳይሆን ወደ ጊታሩ አንገት ጠጋ አድርጌ በርጩማ ላይ አቆምኩ፤ ዶሮዎቼንም ጎረቤቴ ሰብለ ዘንድ በእንግድነት ላክሁ። ዶሮው ዝም አለ፣ ዝናቡም ዝም አለ። ዝም ያላለው ከአጥሬ ጥግ ባለው ምሰሶ ላይ ያሰቀሉት ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያው ቅጂያችን በጊታር ተጀምሮ «ውሻችሁን በገመድ አስራችሁ እንድትቀርቡ» በሚል ጥብቅ ማሳሰቢያ ይጠናቀቃል።

2. ስለ ሙከራው። በየማለዳው «ሙከራ፣ ሙከራ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለትዎ ለሙዚቃ ሰው ትልቅ እገዛ ነው። አቶ ሻንቆ በመዘምራን መካከል ያረጁ፣ ሥርዓት የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ «ሦስት» ሲባል ሳይጀምሩ መቅረት አይችሉም። አራት ቀን ጀመሩ፤ አራቱንም ቀን የስብሰባ ጥሪ ተከተላቸው። «ይህ ልጅ ቆጥሮ ያስገባኛል፤ ከገባሁ በኋላ መድረኩን ራሱ ይይዘዋል» ብለው ቅር ተሰኝተዋል።

3. ስለ ጠፋው በግ። ጥቁር፣ ጆሮው የተሰነጠቀ፣ ያየ ሁሉ እንዲጠቁም አሥራ አንድ ጊዜ ተነግሮናል። ዘጠነኛው ሲነገር በጉ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጊታር ያዳምጥ ነበር። ቀረጻ ላይ ስለነበርኩ ልጠቁም አልቻልኩም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከአድማጮቻችን ሁሉ ያላቋረጠን እሱ ብቻ ነው።

4. አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። በወጣትነታችን ገሱባ ስንኖር ባለቤቴ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ሆድ ጊታር ነበረው፤ ይህንኑ ዜማ በአንድ ሰርግ ላይ ተጫወተው። መዝሙር አልነበረም። በነጋታው ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሄጄ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ስድስት ወር ከኅብረት ታገደ። ጊታሩን ተበላ ወደሚባለው ከተማ ገበያ ወስዶ ሸጠው። ሽማግሌዎቹ በጊዜው ይቅር አሉት፤ እሱ ግን ዳግመኛ ክር አልነካም። ማን እንደተናገረበትም እስኪሞት ድረስ አልጠየቀኝም። የማይጠይቀው ስለሚያውቅ ነበር።

እንግዲህ ይህን ዜማ ከነሙሉነቱ መልሼ ማኖር አለብኝ። ዜማው ሦስት ክፍል አለው። ሁለቱን አቶ ሻንቆ ያስታውሳሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን እሳቸውም እኔም እንጠፋለን።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ምስጋናዬ የሚመጣው። ባለፈው ቅዳሜ የበጉን መገኘት ካበሠሩ በኋላ ማጉያውን ማጥፋት ዘነጉ። ሻይዎን ሲጠጡ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ ስኳር ሲያስጨምሩም ሰማ። ስለ ምክትልዎ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰብለ በቃል እያዳረሰችው ነው። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመሩ። ያወከዎትን የእኔን የቆርቆሮ ሥራ ነበር የሚያንጎራጉሩት። ከመስኮቴ ሰምተው ነው ብዬ ልተወው ስል ሁለተኛውን ክፍል አልፈው ሦስተኛውን ቀጠሉ።

አቶ ሻንቆ ጊታሩን ታቅፈው አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ስልኩን ከካልሲው እስካወጣ ድረስ ማጉያው ተዘጋ።

ሦስተኛው ክፍል ከዚያ ሰርግ ሌላ የትም ተሰምቶ አያውቅም። የሙሽራይቱ ታናሽ ወንድም ከጊታሩ ፊት ተቀምጦ በሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ ውስጥ ለራሱ ፊት ሲያጨማድድ አምሽቶ፣ ተነሣ ቢባል እምቢ ማለቱ ትዝ አለኝ። ስሙን አቶ ሻንቆን ጠየቅኋቸው። ኪሩቤል አሉኝ።

ስለዚህ በጠሩኝ መሠረት ሰኞ በቢሮዎ እቀርባለሁ። ቅዳሜ ግን ከሰኞ ስለሚቀድም፣ እርስዎ አስቀድመው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በእንሰት ቅጠል በተሸፈነው ቤቴ እንዲቀርቡ ይህ ጥሪ ተልኮልዎታል። የጥሪ ወረቀት ስለሌለኝ የላኩልኝን ጀርባ ተጠቅሜያለሁ። ማጉያው መምጣት አያስፈልገውም። በጉ ተጋብዟል።

ለጉሮሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማጉያዎ መጠነኛ ዕረፍት፣ ለአቶ ሻንቆ ጣቶች አንድ ቅዳሜ የምትለምን፣
ታዛዥ ነዋሪዎ፣ የቀበሌው ባለ ቆርቆሮ
አባይነሽ

ግልባጭ፦
ለሰብለ (ዶሮዎቹን ቅዳሜም እንድትቀበልልኝ)

ማሳሰቢያ፦ እንደ እርስዎ በየእሁዱ ከመዘምራን ፊት የሚቆሙ ሰው በቀበሌ ማጉያ የሰርግ ዘፈን ማሰማታቸውን ለሽማግሌዎች እንድናገር የመከሩኝ አሉ። አልናገርም። አንድ ጊዜ ተናግሬ ያየሁት ይበቃኛል። ደግሞም መናገሬ አያስፈልግም፤ ሽማግሌዎቹም የሚኖሩት ማጉያው ሥር ነው።