የሜሮን ጉርሻ

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ቢጫ አለችኝ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። የልጄን ክንድ ባለቀለም መለኪያ ሪባን አስራ ለክታ፣ «አባባ፣ ቢጫ ላይ ነች። አረንጓዴ መሆን ነበረባት» አለች። ሚዛኑም ዘጠኝ ኪሎ ተኩል። ሜሮን ሁለት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። እኔ ለሳል ነበር የወሰድኳት።

ነርሷ ኛማል ትባላለች። እኔ በእንግድነት የምኖርበት የዚህ አገር ልጅ ናት፣ ግን ጋምቤላ ስላደገች አማርኛ ትናገራለች። ትናንት የተፈለፈለች ጫጩት! እኔን ስለ ምግብ ልታስተምር! ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ የእኔን ምግብ ቤት የማያውቅ ማን አለ? ወደብ ላይ ጭነት ሲያራግፍ የዋለው ሁሉ የሚጠግበው እኔ ዘንድ ነው። በፓኬት የታሸገ የለውዝ ቅባት ልስጥዎት አለች። ወተት አለበት አለች። የእርዳታ ምግብ፣ ያውም በሁዳዴ! አልፈልግም ብዬ ወጣሁ። በር ድረስ ተከትላኝ፣ «እሺ፣ የምትበላውን ሁሉ በየቀኑ ይጻፉና የዛሬ ሳምንት ይምጡ» አለች።

እጽፋለሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል አልጠፋኝም። ለነገሩ እሷም አማርኛ ብትናገር ነው እንጂ የት ታነበዋለች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ጠዋት ሻይ በዳቦ። ዳቦውን ለድመቷ ሰጠች።
ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛ ብስኩት ሰጣት።
ምሳ ሽሮ። በእጄ ሰባት ጉርሻ። ሁለቱን ተፋች። አምስት በሉ።
ከሰዓት እንደገና ሻይ። ስኳሩን ጠንከር አድርጌ።
እራት ምስር። ሦስት ጉርሻ፣ በልመና።

እኔ ቤት በሁዳዴ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አይገባም። ሥጋ ያማረው ደንበኛ ጎረቤት ይሂድ። ባለቤቴን ዘነበችን ዓምና ወባ ሲወስዳት፣ ለነፍሷ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። በዚህ ቤት ፆም አይገደፍም። ቤት ማለት ቤት ነው፣ ትልቅም ትንሽም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ጥርሷን ገጠመች። ለመንኳት። ዘፈንኩላት፣ እኔ ዘፈን የት አውቄ። እምቢ።

አፍንጫዋን ያዝኩ። እናቴ እኔን ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው አፉን ይከፍታል፣ ያኔ ታጎርሰዋለህ። ከፈተች። አጎረስኳት። ሦስተኛው ላይ የዋጠችውን ሁሉ እላዬ ላይ አስመለሰችው።

ወጥ የምትሠራልኝ አልማዝ አይታ፣ «ጋሼ፣ ልጅ እኮ ከረጢት አይደለም፣ ጠቅጥቀው የሚሰፉት!» አለች።

«አንቺ ሽሮሽን አማስዪ» አልኳት።

ዛሬ የገባው፦ ዜሮ ብዬ መጻፍ አልፈለግሁም። ሻይ ጠጥታለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

የአከራያችን ልጅ ከሜሮን በሦስት ወር ታንሳለች። ዛሬ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው። ሜሮን ጆሮዋ ጋ ነው የምትደርሰው። የጆሮዋ ታች ጋ።

የጓዳው በር መቃን ላይ ዘነበች ቁመቷን በምስማር እየጫረች ምልክት ታደርግ ነበር። ከምልክት እስከ ምልክት ሦስት ጣት፣ አንዳንዱ አራት። እሷ ከሞተች ወዲህ የጫርኩት እኔ ነኝ። የመጨረሻው የመስቀል ዕለት ነው። ዛሬ ሜሮንን አስደግፌ አቆምኳት። ከመስቀል ወዲህ ግማሽ ጣት። መጽሐፍ ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ ደግሜ ለካሁ። ግማሽ ጣት።

በስድስት ወር።

አዲስ ምልክት አልጫርኩም። ዘነበች ታየዋለች መሰለኝ።

አርብ፣ መጋቢት 11

ይህን መጻፍ ይከብደኛል።

በጓሮ በኩል ስገባ ሜሮን ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ሳህን ላይ የተቀቀለ እንቁላል። አልማዝ ነች ያመጣችላት። ሜሮን በእጇ እየቆረሰች ትበላለች። ማንም አልለመናትም፣ ማንም አላጎረሳትም። አስኳሉ አገጯ ላይ ተለጥፏል።

በአርብ! በእኔ ቤት! ሳህኑን ነጠቅኩ።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ላሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

አልማዝ ሽርጧን ፈታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እትዬ ዘነበች ብትኖር ይህን ሳህን ባልነጠቁ ነበር» ብላ ሄደች።

እንቁላሉ ግማሽ ቀርቶ ነበር። ለድመቷም መስጠት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ሽሮ፣ ሁለት ጉርሻ። ምግብ ቤቱን አልከፈትኩም።

እሁድ፣ መጋቢት 13

ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሳህኑንም፣ አፍንጫዋንም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ቃሉን የገባኸው አንተ ነህ ወይስ ልጅቷ?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባቴ።»

«እንግዲያው አንተ ፁም። ሕፃን ላይ ፆም የጫነ የለም። ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

አውቅ ነበር። እሱ ነው ነገሩ። አውቅ ነበር፣ ግን ምን ይጎዳታል ብዬ።

ስመለስ አልማዝ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ማለት አልለመደብኝም። በር ላይ ቆሜ፣ «እንቁላል የት ነው የሚሸጠው?» አልኳት። ሳቋ መጣ። «ለዚህ ነው የመጡት?» አለች። ሽርጡን ይዤ ነበርና ሰጠኋት።

ሜሮን፦ እንቁላል አንድ፣ ሙሉውን። ወተት ግማሽ ብርጭቆ። በራሷ እጅ።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ኛማል ደብተሩን ተቀበለችኝ። አገላብጣ ትመልስልኛለች ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ጮክ ብላ አነበበች። ያውም ከእኔ ፈጥና።

«አባባ፣ ጫጩቷ እኔ ነኝ?»

መሬት አልተከፈተልኝም። «እስከ አስረኛ ክፍል የተማርኩት በጋምቤላ ነው» አለች። አርብ ላይ ስትደርስ ግን ድምጿን ቀነሰች፣ ከዚያ በልቧ አነበበችው።

ሚዛኑ ያው ዘጠኝ ተኩል። ሪባኑ ያው ቢጫ። «በአንድ ቀን እንቁላል ክንድ አይወፍርም» አለች። ሻዩ ሆዷን ስለሚሞላው ከምግብ በፊት እንዳልሰጣት፣ አፍንጫዋን ደግሞ መቼም እንዳልይዝ አስጠነቀቀችኝ። በግድ የጎረሰ ልጅ ምግብ ሲያይ ይፈራል አለች። ፓኬቶቹን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ከረጢት ውስጥ አልደበቅኳቸውም፣ በእጄ ይዤ በመንገድ ሄድኩ።

ምሳ ላይ አልማዝ እንቁላል ቀቅላ አቀረበች። እኔ ከሜሮን ፊት ሽሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ላጎርሳት እጄን አልዘረጋሁም። ግማሹን በላች። ከዚያ አንድ ቁራሽ አንስታ ወደ አፌ አመጣች።

ፆም ነኝ ብዬ አፌን ገጠምኩ።

ጠበቀች። ቁራሹን እንደያዘች ጠበቀች። ከዚያ በሌላኛው እጇ አፍንጫዬን ያዘችኝ። እኔ እንዳደረግኳት፣ ልክ እንደዚያው፣ በሁለት ጣት።

አልማዝ ከወጥ ቤት ታየን ነበር።

አፌን ከፈትኩ። ለንስሐ አባቴ እሁድ እነግራቸዋለሁ።