ቅድስቲቱ ሰበታ የሰነበተችበት ጥር

ጥር ፲፪

ጥምቀት አለፈ። ታቦታችን ትናንት ተመልሶ ገባ። ጉልበቴ እስከ ወንዙ አላደርስ ስላለኝ ከአጥራችን በር ላይ ቆሜ ሸኘሁ። ባለቤቴ ብርሃነሽ ከመስኮት አየች።

ኑሯችን እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ እኔ ወደ ላይ፣ ወደ ደብሬ፤ እርሷ ወደ ታች፣ በተፍኪ መንገድ ወዳለው የካቶሊኮች ገዳም። ያኔ የእርሷም ቄስ የእኔም ቄስ እምቢ ቢሉን በማዘጋጃ ቤት ተጋባን። ሰበታ በዚያን ጊዜ የጽድ ሽታና የውሃ ድምፅ ነበረች፤ ዛሬ የፋብሪካ ጭስ ናት። እኛ ግን ያው ነን፤ ምሳ ላይ እንገናኛለን፣ ስለ ስብከቱ አንጠያየቅም።

ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ካለ ሰንብቷል። ዛሬ ምሳ ላይ፣ «ጨው አቀብለኝ» በምትልበት ድምፅ፣ «እኔን ገዳሙ ቅበሩኝ» አለች።

እኔስ? የእኔ ቦታ ከደብሩ ግቢ፣ ከእናቴና ከአባቴ እግር ሥር የታወቀ ነው... እርሷም ታውቀዋለች። ጨውን አቀበልኳት።

ጥር ፲፭

አባ ሊቤ መጡ፤ የገዳሙ አለቃ። ዕድሜያቸው ከልጅ ልጅ የሚቆጠር ነው፤ ቢሆንም አንቱ እላቸዋለሁ። የአንዲት ቅድስት አጽም ከባሕር ማዶ ተነሥቶ አገር ለአገር እየዞረ ኖሯል። ወደ እነርሱም ይመጣል። በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ማርጀቴን ከብርሃነሽ ሰምተው፣ የመቀበያውን ንግግር እንዳቃናላቸው ለመኑኝ። የቅድስቲቱን ስም ደጋግመው ነገሩኝ። ከምላሴ ላይ አይቀመጥም። ቅድስቲቱ ብያት ልቀመጥ።

«ሙሉ አጽሟ ነው?» አልኳቸው።

«የለም ጋሼ፤ ከእግሯ አጥንት ጥቂት ነው፤ በመስታወት ሣጥን ይመጣል። የቀረው በየአገሩ ነው ያለው።»

በየአገሩ... ይህ ነገር ግራ አጋባኝ። ሰው በሞተ ጊዜ እንኳ አንድ ቦታ አያርፍምን? ደግሞ አሰብኩ። እኛስ ግንቦት ፲፪ የተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ አጽም እናከብር የለም? የእርሳቸው አጽም ከስፍራ ስፍራ ሲሄድ ሳነብ ገርሞኝ አያውቅም። አሁን ለምን ገረመኝ? በመስታወት ውስጥ ስለሚታይ ይሆን? የእኛ ቅዱስ ነገር ይጋረዳል፤ ያልታየ ስለሆነ ይፈራል። ይህን ግን ከፍተው ያሳያሉ፤ ሰው በእጁ ይነካዋል...

ጥር ፲፮

ንግግሩን አቃናሁ። መጀመሪያው «እንኳን ደህና መጣሽ» ይላል። ለአጥንት እንዲህ ይባላል? እርሳሴን አነሣሁ፤ መልሼ ተውኩት።

ጥር ፳

የንስሐ አባቴን አማከርኋቸው። ብርሃነሽ ከእኔ ጎን ማረፍ ትችል እንደሆነ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ማሳዘን አይወዱም።

«ተጠምቃ ብትገባ እኮ ችግር የለውም።»

ተጠምቃለች አልኋቸው።

«በእኛ ማለቴ ነው፣ ልጄ።»

ልጄ ይሉኛል፤ ጠጉራቸው ገና አልሸበተም። እኔ ወደ እነርሱ መቃብር ብወርድስ? ስል ጠየቅሁ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል። እዚያ መጥተው ፍትሐት ሊያደርሱልኝ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ እጄን ይዘው ነበር።

ብርሃነሽን ዳግመኛ ተጠመቂ ልበላት? በዚህ በደከመ ልብ? አልልም። ታዲያ ምን ልል ነው?

ጥር ፳፫

ቅድስቲቱ ገባች። ሣጥኑን ከአቧራ ለመጠበቅ ቀይ ልብስ አልብሰውት፣ ባለ ዘርፍ ዣንጥላ ይዘውበት፣ ከአስፋልቱ ጀምሮ በእግር አመጡት። መንገደኛው ይህን ሲያይ ምን ያስብ? ሴቶች እልል አሉ። ባጃጆች ቆሙ። የብሎኬት ሠራተኞቹ ቆባቸውን አወለቁ። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ያደታ ከጠጠሩ ላይ በግንባሩ ተደፋ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ ፍቅረሥላሴ፣ የየትኛው ደብር ታቦት ነው? ዘገየ እኮ።»

ታቦት ሳይሆን የካቶሊኮች ቅድስት አጽም መሆኑን ነገርኩት። ጉልበቱን አራገፈና አሰበ።

«እንግዲህ ሰግጃለሁ» አለ። «አልመልሰው።»

ጥር ፳፬

ብርሃነሽን ደግፌ ወደ ገዳሙ ወሰድኳት። ሌላ ማን ይወስዳታል? ጫማዬን ከበሩ አወለቅሁ፤ ከደጃፉ የተቀመጠው የእኔ ብቻ ነበር።

ሰልፉ በመካከል ገብቶ በጎን በር ይወጣል። እኔ ከብርሃነሽ ፊት ነበርኩ፤ ትከሻዬን ይዛ። ተራዬ ሲደርስ መስታወቱን አልነካሁም። እጅ ነሣሁ። ከዚያ እንዳደግሁበት፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ ወደ ኋላ እያልኩ ወደ ጎኑ በር ሄድኩ። ይህን ያደረግሁት አስቤ አይደለም፤ እግሬ ነው ያደረገው። ለካ ከኋላ ያሉት ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሲያዩ ሥርዓቱ እንዲህ ነው ብለው ኖሯል። አንዱ ወደ ኋላ፣ ሌላውም ወደ ኋላ... በሩ ላይ ተጨናነቁ። አንዲት ሴት እግሯ ተረገጠና አማረረች። አባ ሊቤ በመጽሐፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ወደ ኋላ ስሄድ ፊቴ ወደ ብርሃነሽ ነበርና እርሷን እያየሁ ነበር። ስትጸልይ አይቻት አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን! እጇን መስታወቱ ላይ አኑራለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቅንድቧ ተነሥቷል። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ጋር ስትከራከር የምታሳየኝ ነው። ብርሃነሽ አትለምንም ለካ። ታስረዳለች።

ስለ እኔ እያወራች እንደነበር በምን አወቅሁ? እንጃ... ግን አወቅሁ።

አጠገቤ ስትደርስ «ዙር፣ ትወድቃለህ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ጥር ፳፭

አጽሙ ዛሬ ጠዋት ወደ ቡራዩ ተሸኘ፤ ከዚያ ወደ ሱሉልታ ይሄዳል አሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለን ቅድስቲቱን ምን እንዳለቻት ጠየቅኋት። ስለ ሃይማኖቷ ጠይቄያት አላውቅም።

«ባሌ እናቱ ጋ መተኛት ይፈልጋል፤ አልቆጣውም አልኳት» አለች። «እኔም ብቻዬን እንዳልፈራ አደራ አልኳት።»

የማቀብላት ጨው እንኳ አልነበረም።

የካቲት ፪

ገዳሙ ብቀበር እናቴ ምን ትለኝ ይሆን? ያለ ፍትሐት፣ ያለ ቄሴ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል... እኔስ ማን እሆናለሁ? አሁንም አልጠራልኝም። ሁለቱንም ወገን በልቤ ሳነሣና ስጥል ሰነበትኩ።

ኦቦ ያደታን እድሩ እስከ ገዳሙ ይከተለን እንደሆነ ጠየቅሁት። ድንኳኑ ያው ድንኳን፣ ሰዉም ያው ሰው ነው አለ፤ ቀብሩ ላይ ምን እንደሚባል ብቻ አያውቁም።

«ዝም በሉ» አልኩት።

«እሱ ነው የሚከብደን፣ ጋሼ።»

የካቲት ፭

ለብርሃነሽ ምክንያቱን ሳልነግራት ባጃጅ ጠርቼ ገዳሙ ይዣት ሄድኩ። አባ ሊቤ ከጽዶቹ ሥር ያለውን መቃብር አሳዩን። አንድ ሰው የሚሆን ቦታ ጠቁመው ሊያልፉ ሲሉ፣ የሁለት ሰው እንዲሆን ለመንኋቸው። ቆሙ። እምነቴን ልለውጥ እንዳልመጣሁም አስረዳኋቸው፤ ቃል ከዳኝ፣ እኔን!

«አፈሩ አይጠይቅዎትም» አሉ።

ብርሃነሽ ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አንተ በየት በኩል ነህ?» አለች።

«እንደ አልጋችን። በግድግዳው በኩል።»

በመሐረቧ ዓይኗን ጠረገች። ልክ ነው ያደረግሁት? አሁንም አላውቅም።

ልንመለስ ስንል እግሬ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ጀመረ፤ ፊቴ ወደ ቦታው። ዙር እስክትለኝ ጠበቅሁ። ክንዴን ያዘችና እርሷም ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ትራመድ ጀመር።

«ቀስ በል» አለችኝ ብቻ።