ለይሁኔ፦ የፒካፗን የመሪ ፓምፕ ስላስቀየርሁበት ቀን

ይሁኔ ሆዴ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ ካለህበት መልስ አይመጣም። ከተለያየን ዓመት አልፎን የሙት ዓመት ተዝካርህን ካወጣን እንኳ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እስካሁን አንድ መስመር ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተቆጥቼህ ነው። መቃብርህ ላይ ቆሜም ተቆጥቼህ ነበር። ሙት ወቃሽ ሆኜ ነው ዓመቱን የከረምሁት። አሁን ቁጣዬ ወደሌላ ዞሯል፤ ወዴት እንደዞረ እነግርሃለሁ። በየተራው ልበልህ፤ አንተ ነገር ሲዘበራረቅ አትወድም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በመንገድ በኩል ያለው አጥር በክረምቱ ወደቀና በቆርቆሮ አሳጠርሁት። ልጃችን ማስተዋል አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች፣ በቁጣም ልታልፈኝ ምንም አልቀራት። እናትህ እማሆይ እዚሁ ከኛ ጋር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እግራቸው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን አሁንም አልደከመም። ፒካፗ ከትራፊክ ግቢ ከተለቀቀች ጀምሮ እደጅ ቆማ ነበር። ዶሮዎቹ ከሥሯ እንቁላል ሲጥሉ እኔ ደግሞ ፊቴን አዙሬ አልፋት ነበር።

ያን ቀን የሆነውን አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ የሰማሁት በሰው አፍ ነው። ከገበዝ ማርያም ድንች ጭነህ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትወርድ፣ ከመታጠፊያው ላይ መኪናዋ ሳትታጠፍ ቀረችና ከባሕር ዛፉ ጋር ተላተመች። መሪው ደረትህን መታህ። ድንቹ ተበትኖ ልጆች ለቀሙት አሉ። ለሰርግ ቤት አድርስልን ብለው የሰጡህን ሁለት ጀሪካን አረቄ ከጋቢናው፣ ከጎንህ አድርገኸው ኖሮ አንዱ ፈንድቶ ከራስህ እስከ እግርህ ፈሰሰብህ። ከመኪናው ያወጡህ ሰዎች መጀመሪያ ያገኙት ሽታውን ነበር። ከዚያ በኋላ የጠየቀም የመረመረም የለም። አመል ያወጣል ከመሐል አሉና ጨረሱት።

ምን ይበሉ፣ ስንት ዓመት ጠጥተህ አይተውሃል። ከነፍስ አባታችን ፊት ቆመህ አልጠጣም ብለህ ከማልህ ሁለት ዓመት ሆኖህ እንደነበር የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን አውቅ ነበር። ማታ ስትገባ ትንፋሽህን እያሸተትሁ የከረምሁ ሴት ነኝ። እያወቅሁ ሰዎቹን አመንሁ። ይኸው ነው የኔ ነገር።

ቀብርህ ላይ አልቃሿ ግጥሙን ለኔ ስትለቅልኝ ዝም አልሁ። ባሏ ሞቶ ዝም የምትል ሴት አይተህ ታውቃለህ? ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ በልቤ መሐላህን አፈረስህ፣ ልጅህን አሰደብህ እልህ ነበር። ማስተዋል ስታለቅስብኝ ደግሞ አባትሽን የገዛ እጁ ነው የገደለው አልኋት። ከዚያ ወዲህ ፎቶህን ከግድግዳው አወረደችና ከሳጥን ከተተችው። ትምህርት ቤት የሰካራም ልጅ ሲሏት መጀመሪያ ትጣላ ነበር፤ በኋላ መጣላቱን ተወችው። እናቷም ያንኑ ስትል ምን ብላ ትጣላ።

ከዚህ በኋላ ነው የፓምፑ ነገር የመጣ። አንድ የቆጋ ሽንኩርት ነጋዴ ፒካፗን ልግዛ ብሎ መጣ። አሮጌ ብትሆንም እንደሷ ያለ ብረት ዛሬ አይሠራም፣ ፊቷን አቃንቼ እነዳታለሁ አለ። ሞተሯ እንደተነሣ ደስ አለው፤ መሪዋን ሲይዘው ግን አልዞርለት አለ። መሪውን አሠርተሽ ጥሪኝ ብሎኝ ሄደ። እኔም ከዓይኔ ትጥፋልኝ እንጂ ብዬ ጓደኛህን ስሜነህን ለመንሁትና ቡሬ ወሰድናት። ስሜነህ ያን መሪ በሁለት እጁ እየጎተተ ማንኩሳ ላይ ሲደርስ ሸሚዙ በላብ ርሶ ወርዶ አረፈ። አስፋልቱ ቀጥ ያለ ባይሆን አንደርስም ነበር አለኝ። ያኔ እንኳ አልገባኝም። ከግጭቱ በኋላ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

የቡሬው መካኒክ አያ ደሴ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው መሪውን የሚያቀልለውን ፓምፕ አሳዩኝ፤ ከሞተሩ ጎን ያለች የጭብጦ ታህል ብረት ናት። ፓምፑን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ፈተው ፓምፑን በእጃቸው ሊያዞሩት ቢሞክሩ ድርቅ አለ። ሁለቱን ቱቦዎች ሲነቅሉ የወረደው ዘይት አይመስልም፤ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። አያ ደሴ በጣታቸው አሽተው አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ፓምፑን ከጠረጴዛ አድርገው ከፈቱት። ውስጡ ዝገት ብቻ ነበር። የሚዞረው ነገር ከተቀመጠበት ተጣብቆ በመዶሻ ካልሆነ አልወጣም አለ።

ይኸ ውሃ ጠጥቷል አሉኝ። ዘይት ቤት ውሃ ገብቶ ሁለት ሦስት ወር ከተቀመጠ ብረቱን ይበላዋል፤ ቀስ እያለ ያቃስትና አንድ ቀን ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ያለ ጊዜ ቀሎ የኖረው መሪ ባንድ ጊዜ ድንጋይ ይሆናል አሉ። የት እንደደረሰባት ጠየቁኝ። ከገበዝ ማርያም ቁልቁል፣ ጭነት ይዞ፣ መታጠፊያ ላይ አልኋቸው። ቺንጋውን አንሥተው ባንድ ወገን ተቃጥሎ የነተበውን አሳዩኝ። ፓምፑ የደረቀ ከግጭቱ በፊት ነው፣ ይኸ ቺንጋ በቆመ ብረት ላይ ሲፋተግ ነው እንዲህ የሆነ፤ እዚያ ላይ መሪ የያዘ ሰው ቢጠጣም ባይጠጣም አይተርፍም አሉ። እሳቸው ስለመጠጡ አልሰሙም፤ እንዲያው የሚባል ነገር ብለው ነው ያሉት። ስሜነህ ጎማ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ጀመረ። እሱም ጠጥቶ ነው ካሉት አንዱ ነበር።

ከዚያ አያ ደሴ ውሃውን ማን እንደጨመረው ጠየቁኝ። እኔ አላውቅም አልሁ። ግን አውቅ ነበር ይሁኔ። ውሃ ጠጥቷል ሲሉ ነው ያወቅሁት።

አንተ ሳታውቅ የሆነ ነገር ነው። ከመሞትህ በፊት በነበረው ክረምት አንድ እሑድ ኮፈኑን ከፍተህ፣ የመሪው ዘይት ጎድሏል ብለህ፣ ክዳኑን አውልቀህ ዘይት ልትገዛ ሱቅ ሄድህ። እማሆይ ጠበላቸውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ሁልጊዜ ጎማውንና መስታወቱን እንደሚረጩ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን አፏን ከፍታ ሲያገኟት፣ ልጄን የምትሸከመው በውስጧም ትባረክ እንጂ ብለው አንቆረቆሩበት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሳቅሁ። ሳቅሁና ክዳኑን በገዛ እጄ ገጠምሁት፤ ብታይ እናትህን ትቆጣለህ ብዬ። ደግሞስ ጠበል ምን ክፉ ያመጣል ብዬ። አንተ ተመልሰህ፣ እንዳሰብሁት አልጎደለም ለካ ብለህ ጥቂት ጨምረህ ዘጋኸው።

አንተም ብትሆን ከወቀሳ አትተርፍም። መሪውን ስታዞር መኪናዋ ስታቃስት እየሰማህ፣ አርጅታ ነው፣ እንደናቴ ወገቧን አሟት ነው እያልህ ትስቅ ነበር። ሰው ሲያመው ሌሊት ሐኪም ቤት የምታደርስ ሰውዬ፣ የገዛ መኪናህ ሁለት ወር ስታጣጥር ወደ ቡሬ ብቅ አላልህም። እናደድብሃለሁ። ግን አንዲት ቃል ከኔ በቂ ነበረች፣ እኔም ያቺን ቃል ረሳኋት።

አዲሱ ፓምፕ ከባሕር ዳር መንገድ እስኪከፈት ቆይቶ መጣ። አያ ደሴ ገጠሙት፣ ቺንጋውን ወጠሩት፣ ንጹሕ ዘይት ሞሉበት። ፊቷን በክሪክ አንሥተው፣ ውስጡ የቀረው አየር እንዲወጣ አንድ ሰው ገብቶ መሪውን ወዲያና ወዲህ ያዙር አሉ። ስሜነህ እንቢ አለ፤ እኔ ገባሁ። አንተ ከሞትህበት ወንበር ተቀመጥሁ። ሞተሩ ሳይነሣ ግራ እስኪያልቅ፣ ቀኝ እስኪያልቅ፣ ክንዴ እስኪዝል አዞርሁት። የዘይቱ አረፋ ሲጠፋ ሞተሩን አስነሡልኝ። መሪው ባንድ ጣቴ ዞረ። ባንድ ጣቴ፣ ይሁኔ። በቀብርህ ቀን ያላለቀስሁትን እዚያ ጋራዥ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ሞተሩ እየጮኸ አለቀስሁት።

ስመለስ ሐሳብ በላኝ። የምታውቂውን ተናገሪ ብትለኝ፣ እናትህ ልጃቸውን በገዛ ጠበላቸው እንደገደሉ ሊሰሙ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖሩበትን ነገር ከእጃቸው ልነጥቃቸው ነው። ዝም ብል ደግሞ አንተ ሰካራም እንደተባልህ ትቀራለህ፣ ልጅህም አንገቷን እንደደፋች። ከመቃብር በላይ ስም ነው የሚቀር፤ ያንተን ስም እኔም ረግጬዋለሁ። ለነፍስ አባታችን ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ ሄጄ ከበር ተመለስሁ። ለሽንኩርት ነጋዴውም አልሸጥም አልሁት፤ ዛሬ ስሜነህ ነው የሚነዳት።

የተዝካርህ ዕለት፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሰዉ ከድንኳኑ ተቀምጦ ሳለ ተነሣሁ። አንድ ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ አልሁ። ይሁኔ መሐላውን አላፈረሰም፣ አረቄው የሰው አደራ ነበር፣ የገደለው የደረቀው የመሪ ፓምፕ ነው አልኋቸው። ስሜነህ ተነሥቶ ቡሬ ላይ ያየውን መሰከረ። ምን አደረቀው ሲሉ፣ ሳላውቅ ዘይት ቤቱ ውስጥ ውሃ የጨመርሁ እኔ ነኝ፣ ክዳኑንም የገጠምሁት እኔ ነኝ አልሁ። ግማሹ እውነት ነው።

እማሆይን ነበር የማያቸው። ያስታውሳሉ፣ አሁን ይጮኻሉ ብዬ። እሳቸው ግን ውሃ ጨመርሽበት ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ልጄን በውሃ ገደለችብኝ ብለው አለቀሱ። አየህ፣ ውሃ ስል ጠበላቸው ትዝ አላላቸውም። በሳቸው ዘንድ ጠበል ውሃ ሆኖ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ አይበሉም። ጎረቤት ናት እንጀራ የምታቀብላቸው። ማስተዋል ፎቶህን ከሳጥን አውጥታ ሰቅላዋለች፤ ሰካራም የሚላትም ጠፍቷል። እኔን ግን ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች፤ እኔም ምክንያት አላጣላትም። ሰዉ አሁን ያንተን ስም ሲያነሣ ነፍሱን ይማር፣ ምስኪን ነበር ይላል። ስሜን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉ የባሰብኝ ያለፈው እሑድ ነው። እማሆይ ጠርሙሳቸውን ይዘው ስሜነህን ኮፈኑን ክፈትልኝ ይሉታል፤ እኔ ውሃ የጨመርሁባትን ቦታ በጠበል ሊያነጹልህ። ሮጬ መጥቼ ከመካከል ገባሁ፤ ተመልሳ ደግሞ ከለከለችኝ ብለው ረገሙኝ። ኮፈኑን በቁልፍ አስዘጋሁት።

ይህን የምጽፍልህ እሳቸው ፊደል ስለማይቆጥሩ ነው። አሽጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ማስተዋል አያቷን ከቀበረች በኋላ ታነበዋለች፣ እኔም በሕይወት ኖርሁ አልኖርሁ። ያኔ ትፈርድብኝ ወይ ትማረኝ እንደሆነ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ በዚህ ቤት ባሌን የገደልሁ እኔ ነኝ፤ እናትህ በኔ እየተቆጡ ይሙቱ፣ በራሳቸው ከሚቆጡ። አንተ ሳትጠጣ ነው የሞትኸው። ያንን ማመን የነበረብኝ ያኔ፣ ማንም ሳይነግረኝ ነበር፤ በቀረልኝ ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ አልረሳውም።

ሚስትህ እናንዬ