በክር የታሸገው ሻንጣ

አንተ ሽማግሌ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ባሕሩ መስኮታችን ሥር ነው፤ የኔ ዓይን ግን ከሻንጣዬ አልተነቀለም። መጋዘን ጠባቂ ጡረታ ቢወጣም አመሉ አይወጣም። እንደ መጋዘኑ በር ዚፑን በክር አስሬ እወጣለሁ፤ ስመለስ ተበጥሷል። ሁለቴ! ያረፍንበትን ክፍል ያከራየችን ሴትዮ ፈገግታ ድሮም በዝቶብኝ ነበርና "ከሷ ሌላ ማን ሊሆን!" አልኩ። ዛሬ የወጣሁ መስዬ ከመጋረጃው ጀርባ ተደበቅኩ። ማን ቢገባ ጥሩ ነው? የኔዋ ጉድ፣ ሚስቴ! ክሩን በጥሳ፣ ሳትነግረኝ ከካልሲዎቼ መሃል የሸጎጠችውን የቤታችንን ትርፍ ቁልፍ አውጥታ፣ በመዳፏ ጨብጣው ትንሽ ቆየችና መልሳ ከተተችው።

"ምንድነው እሱ?" ብዬ ብወጣ በድንጋጤ ጮኸች። ኋላ ግን፣ "ለመንገዳችን ወጪ ብለን ቤታችንን አከራየነው እንጂ አልሸጥነውም! ቁልፉ መኖሩን ለማየት ብዬ ነው" አለችኝ።

ክሩን አሁንም አስራለሁ፤ ሳትበጥሰው እንድትፈታው ግን ላላ አድርጌ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ሚስትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። በደጃችን ስታልፍ ተከራዩ የበሩን ቁልፍ ቀይሮ እንደሆነ እይልኝ፤ ሰውየው ከመጀመሪያውም አላማረኝም። ቀይሮ ከሆነ በፖስታ አሽገህ ጻፍልኝ፤ እንደዚህ ክፍት ካርድ ከሆነ የኔዋ ታነበዋለች።