የጋሽ ቱፋ ቆስጣ

ሰኞ
የላብራቶሪ ውጤቱ መጣ። ቆስጣው ውስጥ ያለው እርሳስ ለሰው ከሚፈቀደው በላይ ነው። ውሃውም አፈሩም ያው። እኔ ሞኟ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ዓመታት የለፋሁበት ዶክትሬት ግኝት አገኘ ብዬ። ናሙናው የተወሰደበት ማሳ ሰባት የጋሽ ቱፋ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሻዬን ጠጥቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ምራታቸው ጫልቱ ነፍሰ ጡር ናት። ቤቱ የሚበላው ከዚያው ከወንዝ ዳሩ ማሳ ነው።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። ጥናቴን ፈታኞች ፊት ቀርቤ እስክከላከል ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ። ወሬው ወረዳ ከደረሰ ከመሬታቸው የሚነሱት ገበሬዎቹ እንጂ ወንዙን የሚበክሉት ፋብሪካዎች አይደሉም አሉ። እውነታቸውን ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ማክሰኞ
የቀሩትን መጠይቆች ላስሞላ ወረድኩ። «ልማት ሲባል መጀመሪያ ምን ይታይዎታል?» ስላቸው ጋሽ ቱፋ ሳያመነቱ «መነሳት» አሉኝ። ሁለት ጊዜ ተነስተዋል፤ አንዴ ለኮንዶሚኒየም፣ አንዴ ለመንገድ። የቀረቻቸው ይቺው ወንዝ ዳር ናት። በምን አፌ ልንገራቸው?

ስወጣ እንደ ልማዳቸው አንድ እስር ቆስጣ ሰጡኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩና፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለው የከድር ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ማን አንስቶ እንደሚበላው እንኳ አላሰብኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ
ቀኑን ሙሉ ቤት። ምዕራፍ አራት፦ አንድ አንቀጽ። ራስ ምታት። የታጠበ ልብስ ደግሜ አጠብኩ።

«በተሳታፊዎች ላይ ጉዳት አይደርስም» የሚለውን የስምምነት ቅጹ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንብቤላቸው ያስፈረምኳቸውም እኔው ነኝ። ዛሬ ሳነበው አፈርኩ።

ሐሙስ
ጋሽ ቱፋ በጠዋት ደወሉ። «ነይ» ብቻ ብለው ዘጉት። ስደርስ ቆስጣው ጠውልጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከድር የረሳሁት መስሎት አምጥቶላቸዋል። ቆስጣ አስተሳሰራቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«አንቺ ዕቃ የምትረሺ ልጅ አይደለሽም» አሉኝ። «ያንን ውሃ የምትቀጂበትን ጠርሙስሽን ሁሉ ሁለቴ ቆጥረሽ ነው የምትሄጂው። ውጤቱ ወጣ አይደል?»

ነገርኳቸው፤ ምንም ሳላስቀር። አልጮሁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«ሰኞ።»

ጫልቱ ወዳለችበት ወደ ጓሮ አዩ። «ማክሰኞ በላች። ትናንትም በላች» አሉ።

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ደግ አደረጉ።

ዓርብ
መናገሬን ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። «እንግዲህ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለው ዘጉት። ተቆጡ ወይስ ደከማቸው? አልገባኝም።

ከሰዓት ጋሽ ቱፋ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው የውጤቱን ወረቀት አስነበቡኝ። አንዱ ጎልማሳ ከመሃል ተነስቶ «ማን ልኮሽ ነው? መሬቱን ፈልገውት ነው!» ብሎ አፈጠጠብኝ። አልፈርድበትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ጋሽ ቱፋ ብድግ አሉ። «እኔ ምራቴ የማትበላውን ለሰው ልጅ አልሸጥም» ብለው ማጭዳቸውን ይዘው ወረዱ። አንድም ሰው አልተከተላቸውም። ስሄድ የሳቸው ማሳ ታጭዶ ነበር፤ ግራና ቀኙ ያሉት ግን ማሳቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ነገ የገበያ ቀን ነው። ምን ይብሉ ታዲያ?

ቅዳሜ
ጫልቱን ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ረጅም ወረፋ። የፅንሱ ልብ ይመታል፣ ተመስገን። የእርሳሱ የደም ምርመራ ግን እዚህ አይሠራም፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈልን።

በእግራችን ተመለስን። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ስንቅ የያዙ ጠያቂዎች መንገዱን ሞልተውት እየተጋፋን አለፍን። ጫልቱ ሆዷን በክንዷ ከልላ ነበር የምትሄደው።

«ልጄ ደህና ይሆናል?» አለችኝ ድንገት።

እርሳስ ፅንስ ላይ ስለሚያደርሰው ያነበብኩት ወደ አፌ መጣ። መልሼ ዋጥኩት። «አላውቅም፣ ጫልቱዬ።»

«ይሄን ሁሉ ተምረሽ?»

«ይሄን ሁሉ ተምሬ።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ቤታቸው ደጅ ስንደርስ፣ ሰኞ ሆስፒታል ስትሄድ አብሬያት ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«እንደፈለግሽ» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። እምቢ ግን አላለችም።