በስህተት የሰፋሁት መጨረሻ

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ የታባውንግ ወር ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ፣ ዘመኑም በእኛ አቆጣጠር 1360 ነው። እኔ ዶ ኦን ቺ፣ በፓኮኩ ከተማ ከወንዙ መውረጃ አጠገብ ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ሳከራይ የኖርኩ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት፣ ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል፣ ልብሽ አብጧል ተብዬ አልጋ ላይ የዋልኩ ሴት፣ ይህን ቃል በገዛ አንደበቴ እናገራለሁ። የታመመው ልቤ ነው እንጂ አእምሮዬ ደኅና ነው። የሚጠራጠር ካለ ከመደርደሪያዬ የፈለገውን መጽሐፍ ስም ይጥራና አሁን በማን እጅ እንዳለ ይጠይቀኝ።

ቃሌን የሚጽፉልኝ ኡ ፔ ቴይን ናቸው፤ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ኖረው ጡረታ የወጡ። ብዕራቸውን ሳይከፍቱ፣ በእኛ በቡድሃ ተከታዮች ዘንድ ኑዛዜ በዳኛ ፊት እንደማይጸና፣ የሟችን ንብረት የሚያከፋፍለው ልማዱ እንጂ ቃሉ እንዳልሆነ ነገሩኝ። እኔም ዳኛ አልጠራሁም፣ የጠራሁት የሚያፍሩ ሰዎችን ነው አልኳቸው። ስለዚህ አባቶቻችን ክርክር ሲያልቅ የሚበሉትን የተብላላ የሻይ ቅጠል፣ ከኦቾሎኒውና ከሰሊጡ ጋር፣ በሰሃን አስቀርቤያለሁ። ቃሌን ሰምቶ ከሰሃኑ የቆነጠረ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢክድ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሆዱ ጋር ይጣላ።

በዚህ ክፍል የተቀመጡት እነዚህ ናቸው። ታናሽ እህቴ ማ ኞ ቲን፣ ባለ ዘይት ቤቱ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ። ጎረቤቴ ዶ ቴ፣ በየጠዋቱ የዓሣ ሾርባ ሻጯ። መምህርት ዪ ሞን፣ አምና ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣችው። በበሩ በኩል ደግሞ ኡ ባ ሳን፣ ሰው በጀልባ የሚያሻግረው፤ ወንበር ስጡት ብል እምቢ ብሎ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

አንደኛ። ሱቁን፣ መደርደሪያዎቹን፣ ሁለት ሺህ የሚሆኑትን መጻሕፍት፣ መስፊያ ወስፌዬንና የሙጫ ድስቴን ለእህቴ ለማ ኞ ቲን ሰጥቻለሁ። ሁለት ልማዶቼን ግን እንዳታፈርስ። አንዱ፣ ልብ ወለድ ለወሰደ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የእውነት ነገር ያለበት መጽሐፍ ይሰጠው፤ የእውነቱን ለወሰደም እንዲሁ ልብ ወለድ። ልብ ወለድ አከታትሎ የሚያነብ ሰው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ታንስበታለች። የእውነቱን ብቻ የሚያነብ ደግሞ ሚስቱን ያርማታል። ሁለተኛው ልማድ፣ መጽሐፍ የሚመልስ ሁሉ ከጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ለሚቀጥለው አንባቢ አንድ መስመር ይጻፍ። እኔ እነዚያን መስመሮች አምኜ ነው ሠላሳ አንድ ዓመት የመከርኩት። ምን ያህል እንዳመንኳቸው ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ሁለተኛ። ለማን ምን እንደሚሰጥ የጻፍኩበትን ደብተር ለመምህርት ዪ ሞን ሰጥቻለሁ፣ እህቴን እየመከረች እንድታግዛት። ሚስት ለሞተችበት ሰው ወዲያው የሐዘን ልብ ወለድ አይሰጥም፤ የጉድጓድ አቆፋፈር የሚያስተምረውን ስጡት፣ እጁ ሥራ ይፈልጋል። መውለጃዋ ለተቃረበ ሴት የመንገድ መሐንዲሱ የሕይወት ታሪክ ይሁንላት፤ ረጅም ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ የትም ገጽ ላይ ቢያቋርጡት አያስቆጭም። ለሚፎክር ጎረምሳ ስለ እባብ መርዝ የሚናገረው። ፈተና ለወደቀ ልጅ የሌባና ፖሊስ ልብ ወለድ፤ እዚያ ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ ሲሳሳት ይኖራል፣ ልጁ ይጽናናል።

ሦስተኛ። ለዶ ቴ በሦስት ክፍል የሰፋሁትን የመርማሪውን ልብ ወለድ ሰጥቻለሁ። ነገር ግን ሦስተኛው ክፍል ከመምህርቷ ዘንድ ይቀመጥ። ዶ ቴ ሾርባ በቀዳች ቁጥር የመጽሐፉን መጨረሻ አብራ እየቀዳች ስንት ደንበኛ አሳጥታኛለች። መጀመሪያ ሁለት ወር አፏን ትዝጋ፣ ከዚያ ትቀበላለች። ይህን ስናገር ዶ ቴ፣ «እኔ መጨረሻውን ባልነግራቸው ሾርባዬን ማን ይጨርስልኝ ነበር?» ብላለች። ይህም ይጻፍ።

አራተኛ። ለኡ ፔ ቴይን የፍየል እርባታ መመሪያውን ሰጥቻለሁ። ፍየል እንደሌላቸው ተናግረዋል። የሰጠሁበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የራሳቸውን ጉዳይ ብቻ ሲያነቡ ኖረዋል።

አምስተኛ። ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰብኩት በዚህ ነገር ነው። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት መምህርት ዪ ሞን «ሦስት ክረምት በወደቡ» የሚለውን ልብ ወለድ ልትመልስ መጣች። የሱቄ ኩራት ነው። አንዲት ሴት በጀልባ መሪነት የሄደ እጮኛዋን ሦስት ክረምት ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ጀልባው አሸዋ ላይ ወጥቶ ይገለበጣል፣ መሪው አይገኝም፣ ያልቃል። የአንባቢው ወረቀት ሞልቶ ሦስት ጊዜ ቀጥዬበታለሁ። አንዱ፣ ሙሉውን በለሆሳስ ሲያወራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ እንደ መዝገብ ቤት ወረቀት ድርቅ አለ፣ እንዲህ ያለ ደፋር ደራሲ አላየሁም ብሎ ጽፏል። እኔም ይህን እየደጋገምኩ ስንቱን አስለቅሻለሁ።

መምህርቷ ግን፣ «እትዬ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ሳነበው ሰውየው ተመልሶ ነበር እኮ» አለችኝ። ሳቅሁባት፤ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተምታቶብሽ ነው አልኳት። እሷ ግን በቃሏ ጸናች። ሰውየው ጥቅሉን ይዞ ከጀልባ ይወርዳል፣ ሴትየዋ አታለቅስም፣ «ሩዙ ቀዝቅዟል» ትለዋለች፣ በዚያ ያልቃል አለች።

ሩዙ ቀዝቅዟል ስትል ክው አልኩ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ በሃያ ሁለት ዓመት አራት ሰው ብቻ የወሰደው አንድ መጽሐፍ አለኝ፤ በወንዙ ላይ የደረሰ የጀልባ አደጋ የምርመራ ዘገባ ነው። በወረቀቱ ላይ አንድ ሰው «ደረቅ ነው፤ የቀዘቀዘው ሩዝ ላይ ስደርስ ግን አለቀስኩ» ብሎ ጽፎበታል። ያንን መስመር ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። የምን ሩዝ ነው በምርመራ ዘገባ ውስጥ? አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁም።

አቧራውን ጠርጌ መጨረሻውን ገለጥኩት። ሰውየው ጥቅሉን ይዞ ከጀልባ ይወርዳል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የያዝኩትን የሻይ ስኒ የሙጫው ድስት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ መምህርቷ ምስክሬ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1338 ክረምት ጣሪያዬ አፍስሶ ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ቀን በውሃ ራሱ። ስፌታቸውን ፈትቼ ጥራዞቹን በልብስ ገመድ ላይ አሰጣኋቸው። ሁለቱም ካንድ ማተሚያ ቤት የወጡ፣ ወረቀታቸው አንድ፣ ፊደላቸው አንድ፣ ሁለቱም 224 ገጽ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሰውየው ስም የለውም፣ መሪው ነው የሚባለው። ሲደርቁ ሰበሰብኳቸውና መልሼ ሰፋሁ፤ የአንዱን የመጨረሻ ዐሥራ ስድስት ገጽ ለሌላው። ሌላ ሰው ቢሳሳት ጨው ያበዛል። እኔ ሰው አሰጠምኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ነገር ግን ያን ክረምት ማ ኞ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ባ ሳን፣ ይኸው እዚህ የተቀመጠው፣ ሊያገባት ቃል ገብቶ በጀልባ መሪነት ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ከሄደ ሦስት ክረምቱ ነበር፣ ደብዳቤም አልነበረም። ባለ ዘይት ቤቱ ደግሞ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። እትዬ ምን ይሻለኛል ብላ መጣች። እኔ ምክር ስጠየቅ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርእሱን አይቼ ያንን መጽሐፍ ሰጠኋት። ራሴ ገና አልጨረስኩትም ነበር። በአራተኛው ቀን መለሰችው፤ በወረቀቱም ላይ በገዛ እጇ፣ «ከዚህ መጨረሻ ወዲያ የሚጠበቅ ነገር የለም» ብላ ጽፋ ነበር። በወሩ ተዳረች። በአራተኛው ወር ባ ሳን፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አገር ወባ ጥሎት የከረመው ሰው፣ አጥንቱ ወጥቶ ከጀልባ ወረደ።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያው ዕድል ነው ስል ኖርኩ። ለካ የእኔ ወስፌ ነው። ማ ኞ፣ እህቴ፣ ይህን ሳልነግርሽ ብሞት አፈሩ አይቀበለኝም። ትናንት ሁለቱንም መጻሕፍት ፈትቼ እንደሚገባቸው ሰፍቻቸዋለሁ። ልብ ወለዱን ከነእውነተኛ መጨረሻው ላንቺ ሰጥቻለሁ፤ ይቅርታሽንም እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ ቃሌ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ከዚህ ወዲያ የተባለውንም ኡ ፔ ቴይን እንዲጽፉ አዝዣለሁ፤ እሳቸው ይህ የኑዛዜ ሥርዓት አይደለም ቢሉም።

ማ ኞ ቲን ግን፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ያንን መጽሐፍ አልጨረስኩትም» አለች።

አልገባኝም። በእጅሽ የጻፍሽው አለ አይደለም ወይ አልኳት።

«ዶ ቴ ናት መጨረሻውን የነገረችኝ፣ ሾርባ ስትቀዳልኝ። የጻፍኩትም እሷ ከበላዬ የጻፈችውን ነው፤ ባዶ ብተወው ትቆጪኛለሽ ብዬ ገለበጥኩት። መጽሐፉን ስትሰጪኝ ለሽማግሌዎቹ እሺ ካልኩ ሁለት ቀን አልፎ ነበር። ለአንቺ መንገሩ አሳፈረኝ። መንገር ሲያቅተኝ መጽሐፉን ተቀበልኩ።»

ወረቀቱን ገልጠን አየን። ከእሷ መስመር በላይ፣ በዶ ቴ ጎርባጣ ጽሕፈት፣ ያው ቃል በቃል ተጽፏል። ዐሥራ ሁለት ቀን ያልተኛሁበት ኃጢአት የእኔ አልነበረም፤ እህቴን የዳራት መጽሐፍ የለም። እፎይ ልል አፌን ስከፍት ኡ ባ ሳን ከበሩ በኩል ተናገረ።

«እኔ ግን አንብቤዋለሁ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከተመለስኩ በኋላ ነው የተከራየሁት። መጨረሻውንም አነበብኩ፣ የሷንም ጽሕፈት አየሁ። ሰጥሟል ብላ ነው ያገባችው፣ አልቅሳልኛለች ማለት ነው አልኩ። ይህን ይዤ ነው እዚሁ የቀረሁት። ሃያ ሁለት ዓመት በእሱ ነው የተኛሁት፣ እትዬ።»

ፊቱ የነበረውን የሻይ ቅጠል ሰሃን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው። ሁላችንም አየነው። የሰፋሁት ስህተት የጎዳው እህቴን መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱን አኑሮት ነበር፣ ያኖረውንም አሁን እኔ ስፌቱን ፈታሁበት።

እህቴ ወደ እሱ ዞረች። ከተማው ሁሉ ኡ እያለ የሚያከብረውን ሰው እሷ እንደ ጥንቱ ኮ ብላ፣ በወጣትነቱ መጠሪያ ጠራችው። «ኮ ባ ሳን፣ አልዋሽህም። ሞተ ብዬ አይደለም። በሦስተኛው ክረምት መልክህ ጠፋብኝ፤ ላስታውሰው ብል እምቢ አለኝ። ፈራሁና ሌላ ሰው አገባሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «በወባው ጊዜ መልኬ ለራሴም ጠፍቶኝ ነበር» አለ። ማንም አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ ግን እህቴ ፈገግ አለች፤ አይቻታለሁ።

ስለዚህ አምስተኛውን ቃሌን እለውጣለሁ። ኡ ፔ ቴይን፣ በላዩ ላይ ይሰርዙና ይጻፉ። «ሦስት ክረምት በወደቡ» ለማ ኞ ቲንና ለኡ ባ ሳን በጋራ ይሁን። አንዷ ግማሹን ብቻ የምታውቅ፣ አንዱ መጨረሻውን በሐሰት የሚያውቅ ናቸው፤ ያነበበው የለም ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍራም መጽሐፍ ሲመጣልኝ ለሁለት ከፍዬ እየሰፋሁ ለሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሳከራይ ኖሬያለሁ። ይህኛውን ማንም አይክፈለው። ማንም ለብቻው ወደ ቤቱ አይውሰደው። በሱቁ አግዳሚ ላይ ይነበብ። ኪራይ የለውም፣ መመለሻ ቀንም የለውም። ቢጨርሱት ባይጨርሱት የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ ከእንግዲህ ለማንም መጨረሻ አልሰፋም።

በአንባቢው ወረቀት ላይ ደግሞ ከሁሉም በታች ይህ በስሜ ይጻፍ፦ «ያስለቀስኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ፤ ሰውየው አልሰጠመም።»

ኡ ባ ሳን እህቴን፣ «ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የተውሽው?» ብሎ ጠየቃት። መቶ ዐሥራ ሁለት አለችው። እሱም ሰሃኑን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ አንድ ቁንጣሪ ወሰደ።

የተናገርኩት ይህ ነው፤ ሲነበብልኝ ሰምቻለሁ፣ አንድ ቃልም ያለ እኔ ፈቃድ አልገባበትም። የሻይ ቅጠሉ ሰሃን ባዶ ሆኗል።

ተናዛዥ፦ ዶ ኦን ቺ፣ በእጇ ፈርማለች።
ጸሐፊ፦ ኡ ፔ ቴይን፣ ፈርመዋል፤ የፍየሉን መጽሐፍም ተረክበዋል።
ወራሽ፦ ማ ኞ ቲን፣ ፈርማለች።
ምስክር፦ መምህርት ዪ ሞን፣ ፈርማለች።
ምስክር፦ ዶ ቴ፣ ፈርማለች፤ ዛሬ የሰማችውን ለማንም ላለመናገር ቃል ግቢ ብትባል ነገ ጠዋት እመልሳለሁ ብላለች።
ምስክር፦ ኡ ባ ሳን፣ ፈርሟል። ከፊርማው ሥር በትንሹ 112 ብሎ ጽፏል። ምንድን ነው ብለው ኡ ፔ ቴይን ቢጠይቁት፣ እንዳልረሳው ነው አለ።